የዱባይ ቤት ውል ደሴ ላይ ሲነበብ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ምን ታያላችሁ?

እህቴ ዱባይ ከገባች 14 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ሰው ቤት ሠራች። አሁን ዴራ ውስጥ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ከሦስት ዓመት በፊት ስቱዲዮ፣ ማለትም ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ልትገዛ ተነሳች። ደላላው አፈ ቅቤ ነበር። «ዛሬ ካልያዝሽው ነገ የለም» አላት። 10 ሺህ ድርሃም ከፈለችና አንድ ገጽ ወረቀት ፈረመች። ሳምንት ሳይሞላ ክፍያው ከተነገራት የተለየ ሆኖ አገኘችው። ገንዘቤን መልሱልኝ ስትል ያንኑ የፈረመችውን ገጽ አሳዩዋት። ከታች በደቃቅ ፊደል «የማይመለስ» ይላል። ገንዘቡ በዚያው ቀረ።

ባለፈው ዓመት እንደገና ስትሞክር ግን ምንም ሳትከፍል ውሉን በቴሌግራም ወደ ደሴ ላከችልን። 46 ገጽ ነው። ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ዐረብኛ። ሆጤ፣ እናታችን ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ ተቀምጠን ከአቦል እስከ በረካ አነበብነው። እኔ እንግሊዝኛውን ያዝኩ። ዐረብኛውን የያዙት አጎታችን ናቸው። ሸህ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኪታብ ያቀሩ ሰው። ያልገባንን ነገር እህቴ እዚያ ለሚሠራ ጠበቃ ወስዳ ጠየቀች። ከዚያ ሁሉ የተማርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ከባቲ እስከ ወልድያ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ለአንዱ እንኳን ቢጠቅም ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ፦ ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው?

ይህን ቀድሜ የማነሳው ሰው ሲጎዳ ስላየሁ ነው። ይህ ጽሑፍ ውጭ ለሚኖርና ውጭ ለሚሠራ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ሰው ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ብር መንዝሮ ውጭ ቤት ሊገዛ አይችልም። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላም ይህ አልተለወጠም። በጥቁር ገበያ መላክ ወንጀል ነው። ሌላም አደጋ አለው። እዚያ ያለው ባንክ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ብሎ ሲጠይቅ የምታሳዩት ወረቀት አይኖራችሁም።

በዚያ ለውጥ ሰሞን አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ድርሃም ደግሞ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው። ስለዚህ ክፍያውን በብር አስባችሁ የድርሃም ውል ብትፈርሙ ዕዳው በአንድ ወር ውስጥ እጥፍ ሊሆንባችሁ ይችላል። ክፍያው በድርሃም ከሆነ ገቢውም በድርሃም ይሁን።

ምን ዓይነት ቤት ነው የምትገዙት?

ደሴ ላይ ቤት ስንገዛ መንገዱን እናውቀዋለን። ደላላ ያገናኛል። ቤቱን ዞረን እናያለን። ቀብድ እንሰጣለን። ሽማግሌ ባለበት እንዋዋላለን። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ስም እናዛውራለን። ቤቱ አለ፤ ግድግዳውን መንካት ይቻላል።

ዱባይ ውስጥ ለአበሻ በብዛት የሚቀርበው ግን ገና ያልተሠራ ቤት ነው። «ኦፍ ፕላን» ይሉታል። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል የሚገዛ ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን አይቶ ነው። ያልተሠራ ቤት ጥርስ የለውም። የሚታየው ወረቀቱ ብቻ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው መዋኛና ዛፍ ውሉ ውስጥ ከሌለ የለም በሉት።

ሁለተኛው ጥያቄ ባለቤትነቱ ነው። የዱባይ ሕግ ቁጥር 7 የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ነው። የዱባይንና የቱርክን ሕጎች ዓመት ሁሉ የምጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው። በዚህ ሕግ የውጭ ዜጎች በተወሰኑ አካባቢዎች ብቻ ሙሉ ባለቤት መሆን ይችላሉ። «ፍሪሆልድ» የሚባለው ይህ ነው። ሌላው ዓይነት እስከ 99 ዓመት የሚደርስ የይዞታ ኪራይ ነው። ውሉ የትኛው እንደሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት። እዚህ የምጽፈው ሕግ የዱባይ ነው። ሻርጃና አቡዳቢ የራሳቸው አላቸው። ደላላው «ዱባይ አጠገብ ነው» ካላችሁ የትኛው ኤሚሬት እንደሆነ ጠይቁ።

አንዷ ገጽ

እህቴን የበላቻት ይህች ናት። የማስያዣ ቅጽ ትባላለች። ዋናው ውል ከመምጣቱ በፊት የምትፈረም ናት። ሰው እንደ ደረሰኝ ያያታል። እሷም ግን ውል ናት።

እኛ ጋ ቀብድ ሲባል ሕጉ ራሱ ይታወቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። ብዙ ወሎዬ ይህን በልቡ ይዞ ነው ዐረብ አገር የሚፈርመው። «እነሱ ቢከዱ እጥፍ አገኛለሁ» ብሎ። እዚያ ግን የቤታችሁ ሕግ አብሯችሁ አይሄድም። ወረቀቱ ላይ ያለው ነው የሚሠራው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር እዚያችው ገጽ ላይ በጽሑፍ ይግባ። ዋናው ውል በስንት ቀን ይሰጠኛል? አንብቤው ካልተስማማኝ ገንዘቤ ይመለሳል? ዋጋውና የቤቱ ቁጥር ተቆርጧል ወይስ ሊቀየር ይችላል? «አብሽሪ፣ ችግር የለም» የሚል መልስ ካገኛችሁ «እንግዲያው ጻፉልኝ» በሉ። ካልጻፉ ተነሱ። በሁለተኛው ጊዜ እህቴ ያደረገችው ይህን ነው። በዚህ ጊዜም «ነገ የለም» የተባለው ቤት ከሁለት ሳምንት በኋላም ነበረ።

ሻጩን ማወቅ

የዱባይ መሬት መምሪያ «ዱባይ ሬስት» የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለው። ነጻ ነው። ደላላው የፈቃድ ካርድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩን አስገብታችሁ ታያላችሁ። ፕሮጀክቱም የመዝገብ ቁጥር አለው። ግንባታው ስንት በመቶ እንደደረሰ እዚያው ይታያል። ደላላው «60% አልቋል» ብሎ መተግበሪያው 22% ቢል ማንን እንደምታምኑ ግልጽ ነው።

ከዚያ የባንክ ሂሳቡን እዩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዱባይ በ2007 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 8 መሠረት፣ ያልተሠራ ቤት የሚሸጥ አልሚ (ቤቱን የሚያስገነባው ድርጅት) የገዢውን ገንዘብ ለዚያ ፕሮጀክት ብቻ በተከፈተ የአደራ ሂሳብ ነው የሚያስገባው። «ኤስክሮው» ይሉታል። ገንዘቡ ለዚያው ግንባታ እንዲውል ነው ሕጉ የተበጀው። የሂሳቡ ስምና ቁጥር ውሉ ላይ መኖር አለበት። ደላላው «ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ አስገባልሻለሁ» ካለ፣ ወይም የተሰጣችሁ ሂሳብ በሰው ስም ከሆነ፣ ያገር ልጅም ቢሆን አትክፈሉ። ያገር ልጅ ሲሆን እንዲያውም ጥንቃቄው ይጨምር። እኛ ወሎዬዎች በአንድ ስኒ ቡና ዘመድ እንሆናለንና።

ውሉን ማንበብ

አሁን ወደ 46ቱ ገጽ። አንድ ቀን በቂ አይደለም። እስክሪብቶ፣ ባዶ ወረቀትና ካልኩሌተር ያዙ። ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ። መጀመሪያ የቁጥሮቹን ሰንጠረዥ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከፊት ወይም ከመጨረሻ ነው። ዋጋ፣ ስፋት፣ ቀን፣ የክፍያ ጊዜ እዚያ አሉ። ሌላው ሁሉ የእነዚህ ማብራሪያ ነው።

*ቋንቋው።* አብዛኛው ሰው እንግሊዝኛውን አንብቦ ይፈርማል። ዱባይ ፍርድ ቤት ሲደረስ ግን የሚሠራው በዐረብኛ ነው፤ ሁለቱ ሲለያዩ ዐረብኛው ነው የሚበልጠው። እኛ ይህን ያወቅነው በአጎታችን ነው። እሑድ ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው እያነበቡ ሳለ ድንገት ቆሙ። «እንግሊዝኛው ስንት ቀን ይላል?» አሉኝ። ቤቱ አልቋል ከተባለ በኋላ ገብቶ ጉድለት ለማየት ስለሚሰጠው ጊዜ ነው። «ሰላሳ» አልኳቸው። «እዚህ እኮ አርበዓተ ዐሸር ነው የሚለው፤ አስራ አራት» አሉ። እህቴ ደወለች። የትርጉም ስህተት ነው ተባለና በሁለት ቀን ተስተካከለ። ስህተትም ይሁን ሌላ፣ ያ ቁጥር ቢያልፍ ኖሮ የሚያስረን አስራ አራቱ ነበር።

ወሎ ውስጥ ዐረብኛ የሚያነብ አዋቂ ሰው የሌለበት ሰፈር ጥቂት ነው። የኪታብ ዐረብኛና የሕግ ዐረብኛ አንድ አይደሉም፤ ሸሆቹም ይህን ያውቃሉ። ቁጥርን፣ ቀንን፣ ስምን ማመሳከር ግን ይችላሉ። ለሕጉ ቃል እዚያ ያለ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ወይም ጠበቃ ያስፈልጋል። ለጠበቃው የሚከፈለው ከቤቱ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው።

*ዋጋና አከፋፈል።* ቤቱ 700 ሺህ ድርሃም ነው እንበል። ማስታወቂያው «በወር 1% ብቻ!» ይላል። ሰባት ሺህ ድርሃም ማለት ነው። ጥሩ። ሰንጠረዡን ስትከፍቱት ግን እንዲህ ይሆናል። ሲፈረም 20%፣ ማለትም 140 ሺህ። ከዚያ ለ40 ወር በየወሩ ሰባት ሺህ፤ 280 ሺህ። ቁልፍ ሲሰጥ ደግሞ የቀረው 40% ባንድ ጊዜ፤ ሌላ 280 ሺህ። ሰው የሚወድቀው እዚህች ላይ ነው። «ያኔ ከባንክ እበደራለሁ» ይላል። ባንኩ ደግሞ የደመወዝ ማስረጃ፣ የሥራ ውልና የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ዛሬ ባንክ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከ40 ወር በኋላ አይደለም።

ከዋጋው ውጭ ያለውንም ደምሩ። የመሬት መምሪያው የምዝገባ ክፍያ 4% ነው፤ በእኛ ምሳሌ 28 ሺህ። ማን እንደሚከፍል ውሉ ይናገር። ከዚያ በየዓመቱ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ ለአሳንሰር፣ ለጥበቃ፣ ለጽዳት። የሚሰላው በስኩዌር ፊት ነው። 400 ስኩዌር ፊት የሆነ ስቱዲዮ በ15 ድርሃም ቢታሰብ በዓመት ስድስት ሺህ ነው። ብታከራዩትም ባታከራዩትም ይከፈላል።

*ስፋቱ።* እኛ በካሬ ሜትር ነው የምናስበው። ስኩዌር ፊቱን ለ10.76 አካፍሉ። 400ው 37 ካሬ ይሆናል። በረንዳው በዚህ ውስጥ ነው? የግድግዳው ውፍረትስ? ቤቱ አልቋል ከተባለ በኋላ ጠቦ ቢገኝስ? የዱባይ ደንብ እስከ 5% ያለውን መቀነስ ይታገሣል። ከዚያ ካለፈ አልሚው መካስ አለበት። ቤቱ ሰፍቶ ቢገኝ ደግሞ ተጨማሪ ዋጋ ሊጠይቅ አይችልም። ውላችሁ ከዚህ የተለየ ነገር ካለ ምልክት አድርጉበትና ጠበቃውን ጠይቁ።

*ቀኑ።* «የሚጠበቅ የማጠናቀቂያ ቀን» የሚለውን ሐረግ ስታዩ ቁሙ። የሚጠበቅ ነው እንጂ የተቆረጠ አይደለም። ሁለት ሦስት ገጽ ገልጣችሁ ደግሞ «አልሚው እስከ 12 ወር ማራዘም ይችላል» የሚል ታገኛላችሁ። ይህ የተለመደ ነው። ከዚያ ላይ ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ሲገጥም ጊዜው እንደሚቆም ይላል። ጦርነትና ጎርፍ ይገባኛል። የሠራተኛ እጥረትና የዕቃ መዘግየት እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከገቡ ግን ቀን የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ዝርዝሩ ይጥበብ ብላችሁ ጠይቁ። እሺ ላይሏችሁ ይችላሉ። ቢያንስ የትዳር ወይም ወደ አገር የመመለስ ዕቅዳችሁን በመጀመሪያው ቀን ላይ አትሥሩ። ኋላኛውን ያዙ።

*መክፈል ቢያቅታችሁ።* ይህን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አንብቡት። እህቴ ስታነበው ዝም አለች። ሥራ ሊቆም ይችላል፣ በሽታ አለ፣ ቪዛ ሊሰረዝ ይችላል። ያኔ ምን ይሆናል?

የዱባይ ሕግ መጠኑን በግንባታው ደረጃ ነው የወሰነው። ግንባታው ከ60% ካለፈ አልሚው ውሉን ሰርዞ ከቤቱ ዋጋ እስከ 40% ማስቀረት ይችላል። ከ80% ካለፈ ደግሞ ሌላ አማራጭም አለው፤ ውሉን ሳይሰርዝ ቀሪውን ሊጠይቅ ወይም ቤቱ በጨረታ እንዲሸጥ ሊጠይቅ ይችላል። ግንባታው ተጀምሮ 60% ካልደረሰ የሚያስቀረው እስከ 25% ነው። ከአልሚው አቅም ውጭ በሆነ ምክንያት ጭራሽ ካልተጀመረ ግን ከከፈላችሁት እስከ 30% ነው።

ልዩነቱን አስተውሉ። 40% የተባለው ከቤቱ ዋጋ ነው፣ ከከፈላችሁት አይደለም። ቁጥሩን እንሥራው። ከ700 ሺው ውስጥ 210 ሺህ ከፍላችኋል። ግንባታው 65% ላይ ነው። አልሚው እስከ 280 ሺህ ማስቀረት ይችላል። እናንተ የከፈላችሁት ከዚያ ያነሰ ነው። የሚመለስ ነገር የለም። ግንባታው 40% ላይ ቢሆን ደግሞ እስከ 175 ሺህ ያስቀራል፤ ለእናንተ 35 ሺህ ይተርፋል። እሷም ወዲያው አትመጣም። ውሉ ከተሰረዘ እስከ አንድ ዓመት፣ ወይም ቤቱ ለሌላ ከተሸጠ በ60 ቀን፣ ቀድሞ በደረሰው ነው የምትመለሰው።

ከመሰረዙ በፊት በመሬት መምሪያው በኩል የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይላካል። የት ይላካል? ውሉ ላይ ባለው አድራሻ። ሰው ስልክ ይቀይራል። ኢሜይሉን ደላላው ነው የከፈተለት፤ የይለፍ ቃሉን አያውቀውም። ወይም አገር ቤት ገብቶ ኮምቦልቻ ሱቅ ከፍቷል። ማስጠንቀቂያው ማንም ሳያየው ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ የማሳወቂያ አድራሻ የሚለው አንቀጽ ላይ ራሳችሁ የምትከፍቱት ኢሜይል ይግባ። ስልክ ስትቀይሩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ያሳወቃችሁበትንም አስቀምጡ።

*መሸጥ ብትፈልጉ።* «አትርፈሽ ትሸጪዋለሽ» ይባላል። ውሉ ግን ብዙ ጊዜ ከዋጋው የተወሰነ ድርሻ ሳይከፈል ለሌላ ማስተላለፍን ይከለክላል። የአልሚው የ«አልቃወምም» ደብዳቤም ያስፈልጋል፤ ለደብዳቤውም ክፍያ አለው። ስንት በመቶ ሲከፈል ይፈቀዳል? ደብዳቤው ስንት ነው? ሁለቱም ቁጥር በውሉ ይኑር።

*አባሪዎቹ።* የወለል ሥዕል፣ የሴራሚኩ ዓይነት፣ የወጥ ቤት ዕቃ፣ የመኪና ማቆሚያ ቁጥር። ዋናው ውል ላይ «በአባሪ ለ እንደተመለከተው» ይልና አባሪ ለ ባዶ ገጽ ይሆናል። የእህቴ ውል ላይ የማቆሚያው ቦታ እንዲህ ባዶ ነበር። መኪና የላትም፤ ቢሆንም ስትሸጠው ዋጋ አለው። አስሞላችው።

ከፈረማችሁ በኋላ፦ ምዝገባው

ፊርማው ብቻ ባለቤት አያደርግም። በ2008 በወጣው ሕግ ቁጥር 13 መሠረት፣ ያልተሠራ ቤት ሽያጭ በጊዜያዊው መዝገብ ካልተመዘገበ ዋጋ የለውም። ምዝገባው «ዑቁድ» ይባላል፤ ውሎች ማለት ነው በዐረብኛ። 4% የከፈላችሁት ለዚህ ነው። የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ጠይቁ። ስማችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። የእኛ ሰው ስም እዚያ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ይዛባል። አንዷ ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት ሆና መታወቂያዋ ላይ ሌላ ትሆናለች። በተለይ ዱሮ በደላላ የወጣች ሴት ስሟም ዕድሜዋም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ካለ ቤት ከመግዛት በፊት ስሙ ይስተካከል። ካርታ ላይ የወጣን ስም በኋላ የእኔ ነው ብሎ ማስረዳት መከራ ነው።

ያለቀ ቤት ከሆነ

ይህ ቀለል ይላል። ከግለሰብ ላይ ስትገዙ የሚፈረመው የመሬት መምሪያው ያዘጋጀው «ፎርም ኤፍ» ነው። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የዋጋውን 10% በቼክ ያስይዛል። ቼኩ በደላላው ዘንድ ይቆያል፣ ሻጩ እጅ አይገባም። ሻጩ ከአልሚው ዕዳ የለበትም የሚል ደብዳቤ ያመጣል። ከዚያ በምዝገባ ቢሮ ተገናኝታችሁ ገንዘቡና ካርታው በአንድ ቀን ይለዋወጣሉ። የደላላው ድርሻ በልማድ 2% ነው፤ በዚያ ላይ 5% ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። በ700 ሺህ ቤት 14,700 ድርሃም ማለት ነው። ቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ካለ ወይም ተከራይ ካለበት ፎርሙ ላይ ይጻፍ። ተከራይን በአንድ ቀን ማስወጣት እዚያም አይቻልም።

ኢስታንቡል ላሰባችሁ

ጥቂት ሰዎች ጠይቀውኛልና ባጭሩ። ቱርክ ውስጥ የቤት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመሬት መዝገቡ ላይ ሲመዘገብ ነው። ካርታው «ታፑ» ይባላል። ደላላው ቢሮ ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ባለቤትነት አያስተላልፍም። ወደፊት ለመሸጥ ቃል የሚገባ ውል እንኳን በኖተር (በውል አጽዳቂ) ፊት ካልተደረገ አይጸናም። ታፑው ላይ «ካት ሙልኪየቲ» ካለ ያለቀና የተሟላ ነው። «ካት ኢርቲፋኪ» ካለ በግንባታ ላይ ያለ ወይም ገና ያልተሟላ ነው። ለየት አድርጋችሁ እዩት። ቱርክኛ ካልቻላችሁ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ግዴታ ነው። የርእደ መሬት መድንም ግዴታ ነው። «ቤት ግዛ፣ ዜግነት ውሰድ» የሚባለው ከ2022 ጀምሮ ቢያንስ 400 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤትና ሦስት ዓመት አለመሸጥን ይጠይቃል። ባነሰ ዋጋ ዜግነት ታገኛለህ ያላችሁ ሰው እየዋሻችሁ ነው።

በውክልና ከሆነ

አገር ቤት ሳላችሁ እዚያ ያለ ሰው እንዲፈርምላችሁ ከፈለጋችሁ ውክልናው ረጅም መንገድ አለው። ሰነዶች ማረጋገጫ ይጸድቃል። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጣል። አዲስ አበባ ያለው የኤሚሬትስ ኤምባሲ ያትማል። እዚያም የእነሱ ውጭ ጉዳይ ያያል፤ በዐረብኛም ይተረጎማል። ደሴ ጠዋት ተነስቶ ማታ የሚያልቅ አይደለም። «ማንኛውንም ነገር እንዲያደርግ» የሚል ውክልና አትስጡ። የቤቱ ቁጥር፣ ከፍተኛው ዋጋ፣ እንዲገዛ ብቻ መሆኑ ይጻፍ። እንዲሸጥም ከተባለ ነገ ሸጦት ታገኙታላችሁ።

በጋራ ከሆነ፦ የእናቴ ጥያቄ

ይህን ቤት የምትገዛው እህቴ ብቻ አይደለችም። ኩዌት ያለው ወንድማችን ሲሶውን ይከፍላል። ውሉ ላይ ግን የእሷ ስም ብቻ ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም። ሁለቱንም ቀን ቡና እያፈላች ስትሰማን ዋለች። መጨረሻ ላይ «እሷን አንድ ነገር ቢያገኛት፣ አላህ አያምጣውና፣ ቤቱ የማን ነው?» አለች። ማናችንም መልስ አልነበረንም።

መልሱን ከጠበቃው አገኘን። ስሙ መዝገብ ላይ ያለው ነው ባለቤት። ገንዘብ ያዋጣ ሁሉ ስሙ ከነድርሻው ሊመዘገብ ይችላል፤ ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ብቻ ነው። በኋላ ማስገባት ሌላ ክፍያ አለው። ውርሱ ደግሞ በሃይማኖትም ይለያያል። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ በሸሪዓ ነው የሚከፋፈለው። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ከ2015 ጀምሮ በዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል ኑዛዜ ማስመዝገብ ይችላል። እንደ ብዙ የወሎ ቤት የእኛም ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም አለበት። አገር ቤት በዓሉን አብረን ስንበላ የማይታሰበን ልዩነት እዚያ ወረቀት ላይ ይመጣል። ቤተሰባችሁ እንዲህ ከሆነ ይህን ጥያቄ ከመፈረማችሁ በፊት ለጠበቃው አንሡት።

ወንድማችን በሲሶ ተመዘገበ። ከዚያ በተጨማሪ ሁለቱ በአማርኛ አንድ ገጽ ተዋዋሉ። ማን በየወሩ ስንት እንደሚከፍል፣ አንዱ ቢያቅተው ሌላው ምን እንደሚያደርግ፣ ኪራዩ እንዴት እንደሚካፈል። ምስክሮቹ አጎታችንና አንድ ጎረቤታችን ናቸው። ወንድምና እህት መሆናቸው አያስፈልገውም ያሉ ነበሩ። አጎታችን ግን ብድርን ጻፉ የሚለውን የቁርኣን አንቀጽ ጠቅሰው ዝም አሰኟቸው።

ርክክብ

ቤቱ አለቀ ሲባል ቁልፉን ከመቀበል በፊት ግቡ። ቧንቧውን ክፈቱ፣ መብራቱን አብሩ፣ መስኮቱን ዝጉ ክፈቱ፣ ሜትር ይዛችሁ ለኩ። ጉድለቱን ጽፋችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ አስፈርማችሁ ስጡ። የርክክቡን ወረቀት «ሁሉም ደህና ነው» ብላችሁ አትፈርሙ። በዱባይ ሕግ አልሚው ለመብራት፣ ለቧንቧና ለመሳሰለው ከርክክብ ጀምሮ አንድ ዓመት፣ ለሕንጻው አካል ጉድለት ደግሞ የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀቱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ተጠያቂ ነው። አንዱ ዓመት ቶሎ ያልፋል። ቤቱን አከራይታችሁ ከሆነ ተከራዩ ያየውን በጽሑፍ እንዲልክላችሁ ንገሩት።

የእህቴ ቤት ገና እየተሠራ ነው። ውሉ ላይ ያለው ቀን ሰኔ 23 ቀን 2019 ነው፤ እነሱ ጁን 30 ቀን 2027 የሚሉት። ከማራዘሚያው ጋር ሰኔ 23 ቀን 2020 ይሆናል። ሁለቱም እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፈዋል። እሷ ኋላኛውን ነው የምትቆጥረው።